ስለ ከቨር ዘፈኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የሰመሩትና የከሸፉት

የታወቁ የፖፕ ዘፈኖችን እንደገና ስለመጫወት አዘውትረው የሚነሱ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አስቀምጠናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ምርጥ» እና «መጥፎ» ያልነው በእኛ ጆሮ ነው። ምክንያታችንን ተናግረናልና የማትስማሙ ካላችሁ ዘፈኖቹን ከፍታችሁ ሞግቱን።

ከቨር ከሪሚክስና ከሳምፕል በምን ይለያል?

ከቨር ሌላ ሰው ቀድሞ ያወጣውን ዘፈን ዜማውንና ግጥሙን ይዞ እንደ አዲስ ተጫውቶ መቅረጽ ነው። ከመጀመሪያው ቅጂ አንዲት ድምፅ እንኳ አይወሰድም። ሪሚክስ ግን የተቀረጸውን ድምፅ ራሱን ወስዶ ያዋቅረዋል፤ ሳምፕል ደግሞ ከዚያው ቁራጭ ቆርጦ ለሌላ ዘፈን ያውላል። ልዩነቱ የሚከብደው ፈቃድ ላይ ሲደረስ ነው።

ከዋናው የበለጠ ከቨር በእውነት አለ?

አለ። ብዙ ክርክር የማያስነሳው «ሪስፔክት» ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ሲያወጣው ተናጋሪው ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ ነው፤ ገንዘቡን አመጣልሻለሁ፣ ስገባ ግን ክብሬን ስጪኝ ይላል። አሪታ ፍራንክሊን በ1967 ስትቀርጸው ያንኑ ጥያቄ የምታነሳው ሴት ሆነች። እሷም የራሷ ገንዘብ አላት፤ ስለዚህ ልመናው ቀርቶ ማስጠንቀቂያ መሰለ። ከዚያ በላይ ሬዲንግ ቅጂ ላይ የሌሉ ነገሮች ገቡ፦ ኪንግ ከርቲስ በሳክስፎን የሚጫወተው ብሪጅ (መሸጋገሪያ ክፍል)፣ ቃሉ ፊደል በፊደል የሚጠራበት ቦታ፣ እህቶቿ ኤርማና ካሮሊን እየተቀበሉ ከኋላ የሚወረውሯቸው አጫጭር ሐረጎች። ዛሬ ዘፈኑ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያንጎራጉረው ያንን የፊደል ጥሪ ነው፤ ዋናው ላይ ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ሁለተኛው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ነው። የዶሊ ፓርተን የ1974 ቅጂ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ የመጨረሻውን ቨርስ (ከአዝማቹ ውጭ ያለውን የግጥም ክፍል) አትዘፍነውም፣ በንግግር ትለዋለች። ዊትኒ ሂውስተን በ1992 «ዘ ቦዲጋርድ» ለተባለው ፊልም ስትዘፍነው መግቢያው ላይ አንድም መሣሪያ የለም፤ ከ40 ሰከንድ በላይ የሚሰማው ድምፅዋ ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣው አብሯት የተወነው ኬቨን ኮስትነር ነበር። ሳክስፎኑ ተጫውቶ፣ ፓርተን በንግግር ያለችው ቨርስ ተዘፍኖ ካበቃ በኋላ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ አንድ የድራም ምት ይመታና ኪዩ፣ ማለትም ዘፈኑ የተቃኘበት ከፍታ፣ አንድ ሙሉ ቶን ወደ ላይ ይወጣል። ያቺ አንዲት ምት የምትሠራው ከፊቷ ሦስት ደቂቃ ያህል ቁጠባ ስላለ ነው። በውድድር መድረክ ላይ የሚሞክሩት አብዛኞቹ ዘፋኞች ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ስለሚጮኹ፣ ድራሙ ሲመታ የሚወጡበት ከፍታ አይቀራቸውም። ቅጂው በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

ሁለቱም ቅጂዎች የማይነካውን ለይተው ትተዋል። ዜማው አልተነካም፤ የተለወጠው ማን እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚባል ነው።

ሌሎች ምርጦችን በአጭሩ?

ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 የተጫወተው የቦብ ዲላን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር»፤ ዲላን ራሱ ኋላ ላይ መድረክ ላይ ሲጫወተው ወደ ሄንድሪክስ አጨዋወት ያደላ ነበር። ፕሪንስ ጽፎት ሲኔድ ኦኮነር በ1990 የዘፈነችው «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ»። ጆኒ ካሽ በ2002 ያወጣው የናይን ኢንች ኔይልስ «ኸርት»፤ ዘፈኑን የጻፈው ትሬንት ሬዝነር ገና 30 ዓመት ያልሞላው ሳለ ነበር፣ ካሽ ሲዘፍነው ግን 70 ደርሷል። ያው ግጥም ከአንድ ወጣት ምሬት ወደ አንድ ሽማግሌ የዕድሜ ሒሳብ ተለወጠ። አቀናባሪው ሪክ ሩቢን ያደረገው ነገር ቢኖር ጩኸቱን አስወጥቶ ጊታርና ፒያኖ ማስቀረት ነው።

ኦሪጂናል እየመሰሉ ከቨር የሆኑት የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሲነገራቸው የማያምኑ ሰዎች ያጋጥማሉ። የናታሊ ኢምብሩሊያ «ቶርን» (1997) ከዚያ በፊት በ1993 በዴንማርክኛ በሊስ ሶረንሰን፣ በ1995 ደግሞ ኤድናስዋፕ በተባለው ባንድ ተቀርጿል። «አይ ላቭ ሮክ ኤንድ ሮል» ከጆአን ጄት በፊት የአሮውስ ነበር (1975)። «ቴንትድ ላቭ»ን ከሶፍት ሴል (1981) በፊት ግሎሪያ ጆንስ በ1960ዎቹ ዘፍናዋለች። «ገርልስ ጀስት ዋና ሃቭ ፈን»ን ሮበርት ሃዛርድ በ1979 ማሳያ ብሎ የቀረጸው በወንድ ዓይን የተጻፈ ዘፈን ሆኖ ነው፤ ሲንዲ ላውፐር በ1983 ግጥሙን አስተካክላ የሴቶች መዝሙር አደረገችው። የኤሚ ዋይንሃውስና የማርክ ሮንሰን «ቫለሪ» (2007) ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ዙቶንስ ያወጡት ነው።

«ሃሌሉያ»ን ሁሉም ሰው የሚዘፍነው ለምንድነው?

ሌናርድ ኮኸን በ1984 ያወጣው ቅጂ በኪቦርድና በተቀባዮች የተሞላ ስለነበር በጊዜው ብዙም አልተሰማም። ዘፈኑን ዛሬ ያለበት ቦታ ያደረሰው ጆን ኬል ነው። በ1991 ለኮኸን ክብር ለወጣ አልበም ሲዘፍነው፣ ኮኸን ከጻፋቸው በርካታ ቨርሶች መርጦ በፒያኖ ብቻ ተጫወተው። ጄፍ በክሊ የኬልን ሰምቶ በ1994 በኤሌክትሪክ ጊታር አወጣው። ከዚያ ወዲህ የሚዘፈነው በአብዛኛው የኬል ምርጫ ነው፤ የኮኸንን የ1984 ቅጂ ተከትሎ የሚዘፍን ሰው ብርቅ ነው።

ለዘፋኝ የሚመቸው ለምን እንደሆነ ጊታር ይዛችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በሲ ኪይ ብትጫወቱት፣ ግጥሙ «አራተኛው» ሲል ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ከሲ ሲቆጠር አራተኛ የሆነው ኤፍ ነው፣ «አምስተኛው» ሲል አምስተኛው ጂ ነው፣ ስለ ማይነር ሲናገር ወደ ኤ ማይነር ይወርዳል፣ ስለ ሜጀር ሲናገር ወደ ኤፍ ይወጣል። ግጥሙ የሚናገረውን እጃችሁ እየሠራው ነው። ዜማውም ከዝቅታ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ አዝማቹ ይወጣል፤ አዝማቹ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ናት።

የሚበላሸውም በዚሁ ቅለት የተነሳ ነው። ግጥሙ ስለ ተሸናፊ ፍቅርና ስለ ሥጋ ምኞት የሚናገርባቸው ቨርሶች አሉት። እነዚህን ቆርጠው መንፈሳዊ መዝሙር የሚያስመስሉት ሰዎች ምሬቱን ያወጡና ጣፋጩን ያስቀራሉ፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ ትልቅ መዘምራን ይጨምሩበታል። አሌክሳንድራ በርክ በ2008 ያወጣችው ቅጂ በብሪታንያ የገና ሳምንት አንደኛ ሲሆን የበክሊ ሁለተኛ ወጣ። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ድምፅ መቻልና ዘፈን መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ወዲያው ይገባችኋል።

ፈጣን ዘፈንን ዝግ አድርጎ በፒያኖ መጫወት ሁልጊዜ ያዋጣል?

አያዋጣም፤ ግን ሁሉም ይሞክረዋል። መነሻ የሆናቸው አንዱ «ማድ ወርልድ» ነው። ቲርስ ፎር ፊርስ በ1982 በሲንቴሳይዘርና በድራም ሲያወጡት ምቱ ያስጨፍር ነበር። ማይክል አንድሩስና ጋሪ ጁልስ ለአንድ ፊልም ዝግ አድርገው በፒያኖ ሠሩትና በ2003 በብሪታንያ የገና አንደኛ ሆነ። የሠራላቸው ግጥሙ ከድሮውም ጨለማ ስለነበር ነው፤ ድራሙ ሲነሳ የተሸፈነው ተገለጠ። ግጥሙ «ኑ እንጨፍር» ከሆነ ግን ዝግታ የሚገልጠው ነገር የለም፤ ተራ ቃላት በከባድ ፊት ሲነገሩ ሰሚውን ያስቃሉ።

ትንፋሽም አለ። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን አራት ምት ያለው አንድ ባር 2 ሰከንድ ይፈጃል፤ ወደ 60 ስታወርዱት 4 ሰከንድ ይሆናል። ሁለት ባር የሚይዝ አንድ የግጥም መስመር ከ4 ወደ 8 ሰከንድ ተለጠጠ ማለት ነው። ዘፋኙ መሀል ላይ ይተነፍሳል፣ ሐረጉ ለሁለት ይሰበራል፣ ትርጉሙም አብሮ። ዝግ ማድረግ ካማራችሁ መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 በመቶ ብቻ ቀንሱና ረጅሙን መስመር በአንድ ትንፋሽ ጨርሱት። ካልወጣላችሁ ከዚያ በታች አትውረዱ።

ከፍጥነት ይልቅ ቆጠራውን መለወጥ የተሻለ መንገድ ይከፍታል። ጆ ኮከር በ1968 የቢትልስን «ዊዝ ኤ ሊትል ኸልፕ ፍሮም ማይ ፍሬንድስ» የወሰደው በአራት ከሚቆጠረው ወደ ሦስት ቆጠራ ነው። ዋናው ለሪንጎ ስታር የድምፅ ስፋት ተለክቶ የተጻፈ ጠባብ ዜማ ነበር። ሦስቱ ቆጠራ በመስመሮቹ መካከል ክፍተት ፈጠረ፤ ተቀባዮቹ በዚያ ክፍተት ይጠይቃሉ፣ ኮከር ይመልሳል።

ዋናውን ሳይለውጡ እንዳለ መጫወትስ?

ዊዘር በ2018 የቶቶን «አፍሪካ» ሲጫወቱ ቅንብሩን ከሞላ ጎደል እንዳለ ወሰዱት። ደስ ይላል፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ለመስማት ምክንያት አይሰጥም፤ ዋናው አለና። ሉክ ኮምብስ በ2023 የትሬሲ ቻፕማንን «ፋስት ካር» (1988) ሲዘፍን ደግሞ እሱም ብዙ አልነካም። የጊታሩን ሐረግ ጠበቀ፣ ግጥሙ ውስጥ ተናጋሪዋ በመደብር ገንዘብ ተቀባይ «ሴት ልጅ» ነኝ የምትልበትን ቃል እንኳ ወደ ወንድ አልቀየረም። የተለወጠው ድምፁና የአነጋገሩ ቅላጼ ብቻ ነው፤ ያ በቂ ነበር፣ ምክንያቱም ታሪኩ ከአንድ ዓይነት ሰው በላይ እንደሚሰፋ አሳየ። በዚያው ዓመት ቻፕማን በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ዘፈን ሽልማት አሸነፈች፤ ለዚህ ሽልማት የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ናት።

ክፉኛ የከሸፉትስ?

በእኛ ዝርዝር ሦስት አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚወድቁበት ምክንያት የተለያየ ነው።

የማዶና «አሜሪካን ፓይ» (2000)። የዶን ማክሊን የ1971 ዘፈን ከስምንት ደቂቃ ተኩል ያላነሰ ርዝመት ያለው ትረካ ነው፤ በዝግታ ይነሳል፣ መሀል ላይ ይፈጥናል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዝግታው ይመለሳል። ማዶና ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ቆርጣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ የዳንስ ምት አስኬደችው። ታሪኩ ሲቆረጥ አዝማቹ የሚያለቅስለት ነገር አጣ። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ማክሊን ራሱ ቅጂውን በአደባባይ አድንቋል፤ በብሪታንያም አንደኛ ሆኗል። እኛ ግን አልተዋጠልንም።

የሊምፕ ቢዝኪት «ቢሃይንድ ብሉ አይስ» (2003)። ዘ ሁ የተባለው ባንድ ያወጣው ዋናው ዘፈን (1971) ለስለስ ብሎ ይጀምርና መሀሉ ላይ በሮክ ይፈነዳል፤ ታምቆ የቆየው ቁጣ የሚወጣው እዚያ ነው። ሊምፕ ቢዝኪት ይህን ክፍል አውጥተው በምትኩ ፊደል የሚያስተምር የልጆች መጫወቻ የባንዱን ስም ፊደላት ሲጠራ አስገቡ። ሸክሙን የተሸከመውን ምሰሶ ነቅሎ በቦታው ማስታወቂያ እንደ መለጠፍ ነው።

በማርች 2020 ተዋናይት ጋል ጋዶትና ሌሎች ታዋቂ ሰዎች በስልካቸው እየተቀባበሉ የዘፈኑት የጆን ሌነን «ኢማጂን»። አብዛኛው ሰው የተቆጣው ባለጸጎች በወረርሽኝ ጊዜ ስለ ንብረት አልባ ዓለም ስለዘፈኑ ነው፤ በሙዚቃ በኩል ያለው ስህተት ግን ከዚያ የቀለለና ሊታረም የሚችል ነበር። አጃቢ ሙዚቃ የለም፣ እያንዳንዱ ሰው በመሰለው ኪይና ፍጥነት ይገባል፤ መስመሩ ከሰው ወደ ሰው በተሻገረ ቁጥር ዜማው ይዘላል። ለሁሉም አንድ የፒያኖ ቅጂ ተልኮላቸው በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ቢዘፍኑ ግማሹ ችግር አይኖርም ነበር።

አዝማቹን ብተወውስ?

ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን ተሠርቷል። ካት ፓወር በ2000 የሮሊንግ ስቶንስን «ሳቲስፋክሽን» ያለ አዝማቹ ዘፈነችው። ሰሚው አዝማቹን በልቡ ስለሚያውቀው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ አይመጣም፤ እርካታ ስለማጣት የሚናገረው ዘፈን ያንኑ እጦት ሰሚው ላይ አደረሰው። ዘፈኑ ብዙም የማይታወቅ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ግጥም መለወጥ ነውር ነው?

አንድ ቃል መለወጥ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ካሽ «ኸርት» ላይ አንዲት ጸያፍ ቃል በ«እሾህ» ተካ፤ መስመሩም የክርስቶስን የእሾህ አክሊል አስታወሰ። «እሱ»ን «እሷ» ማድረግ ግን በደመ ነፍስ የሚደረግ ሆኗል፤ የግጥሙን ቤት ካፈረሰ ወይም ታሪኩን ካዛባ ተዉት። አጠቃላይ ግጥሙን እንደ አዲስ መጻፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢዮንሴ በ2024 «ጆሊን»ን ስትወስድ የፓርተን ተማጽኖ ወደ ዛቻ ተለወጠ። ቅንብሩ ያምራል፣ ነገር ግን የ1973ቱ ዘፈን ጉልበት ተናጋሪዋ እንደምትሸነፍ ማወቋ ላይ ነበርና ያ ጠፍቷል።

ራሴ ልሠራ ብል ከየት ልጀምር?

ዋናውን ደጋግማችሁ ስሙና ግጥሙንና ኮርዶቹን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት አትስሙት፤ እየሰሙ የሚለማመዱ ሰዎች የዋናውን ዘፋኝ ትንፋሽና ማንቁርት ሳይቀር ይቀዳሉ።

ቀጥሎ ዘፈኑን በአንድ መሣሪያ ብቻ፣ በቃላችሁ ተጫወቱ። የረሳችሁት ክፍል ምናልባት ሊቆረጥ የሚችል ነው፤ ሳታስቡት እጃችሁ የሚሄድበት ሪፍ (ተደጋጋሚ አጭር የመሣሪያ ሐረግ) ወይም ዝምታ ደግሞ ዘፈኑን የተሸከመው ነው። እሱን አትንኩ። ከቀረው ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ምረጡና ለውጡ፦ ፍጥነት፣ ቆጠራ፣ ተናጋሪ፣ ወይም መሣሪያ። ከእነዚህ ሦስቱን ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሌላ ዘፈን ነው የሠራው፤ ሰሚውም የሚይዘው ያጣል።

ኪይ እንዴት ልምረጥ?

ብዙ ከቨር የሚሞተው እዚህ ነው፤ ዘፋኙ ክብሩ ተነክቶበት ዋናውን ኪይ አልለቅም ስለሚል። የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ ፈልጉ፣ ከዚያ እናንተ ሳትጨነቁ የምትደርሱበትን ከፍተኛ ኖታ። የዘፈኑ ጫፍ ከእናንተ ጫፍ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ እንዲል አድርጉ። የወንድ ዘፈን ለሴት ወይም የሴት ለወንድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ግማሽ ቶን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ጊታር ላይ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) በአንድ ፍሬት አንድ ግማሽ ቶን ከፍ ያደርጋል።

ሙከራው ቀላል ነው፦ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ አከታትላችሁ ዝፈኑ። ሦስተኛው ላይ ጉሮሮ ከያዛችሁ አንድ ግማሽ ቶን አውርዱ። ዝቅተኛውንም ኖታ እዩ፤ አዝማቹን ለማዳን ብላችሁ ስታወርዱ የቨርሱ ቃላት ማይኩ እስከማይሰማቸው ሊሰምጡ ይችላሉ።

ቀረጻ ላይ ምን ይበላሻል?

ከሁሉ በፊት ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁ ላይ የሚጨመር ማስተጋባት። ለስለስ ባለ ዘፈን ላይ ሦስት ሰከንድ የሚቆይ ሪቨርብ ሲጫን ቃላቱ እርስ በርስ ይደፈጠጣሉ። ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል አውርዱት፤ ሪቨርቡ ከድምፁ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ እንዲነሳ ብታደርጉ ቃሉ ፊት ይቀራል። ማይኩን ከአፋችሁ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አርቁ፣ ከፍተኛው ድምፅ በመቅረጫው መለኪያ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርጉ።

ኦቶቲውን (የድምፅን ኖታ የሚያርም ሶፍትዌር) በፍጥነት እንዲያርም ከተደረገ ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተተውን ድምፅ ይቆራርጠዋል፤ ስሜት ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የተሳሳቱ ኖታዎችን ብቻ እየለያችሁ አርሙ። የካራኦኬ ሙዚቃ ላይ መዝፈን ደግሞ ኪዩንም ቅንብሩንም ከውጭ ይወስንባችኋል፤ ቅጂው ራሱም ባለቤት አለው።

ከቨሩ ሲሸጥ ገንዘቡ ለማን ነው?

የዜማና የግጥም ድርሻው ለዘፈኑ ደራሲዎች ነው፤ የቅጂው ደግሞ ለከቨሩ ዘፋኝ ወይም ለአሳታሚው። ሶፍት ሴል «ቴንትድ ላቭ»ን በነጠላ ሸክላ ሲያወጡ በጀርባው ያስገቡትም ሌላ ከቨር ነበር፤ ዘፈኑ ያን ያህል ሲሸጥ በደራሲነት የሚያገኙት ሳንቲም አልነበረም። ጀርባው ላይ የራሳቸውን አንድ ዘፈን ቢያደርጉ ኖሮ ታሪኩ ይለይ ነበር።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በአሜሪካ ከ1909 ጀምሮ አንድ ዘፈን አንዴ ተቀርጾ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ማንም የተደነገገውን ክፍያ እየከፈለ ሊቀርጸው ይችላል፤ ደራሲው አይከለክልም። ቅንብሩን ለራስ አጨዋወት ማስማማት ይፈቀዳል፣ መሠረታዊ ዜማውንና የዘፈኑን ባሕርይ መለወጥ ግን አይፈቀድም። በ2024 ተመኑ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ዘፈን በአንድ ቅጂ 12.4 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር።

ይህ ለድምፅ ብቻ ነው። ቪዲዮ ሲሠራበት ከዘፈኑ መብት ባለቤት ጋር ለብቻ መዋዋል ያስፈልጋል፤ ባለቤቱም እምቢ ማለት ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ሳይወርድ የማስታወቂያው ገቢ ወደ ባለመብቱ ይዞራል፤ ያ ግን የባለመብቱ ምርጫ ነው፣ ነገ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል።

ግጥሙን ወደ ሌላ ቋንቋ መልሼ መዝፈን እችላለሁ?

ትርጉም እንደ አዲስ ሥራ ስለሚቆጠር የተደነገገው ክፍያ አይሸፍነውም፤ የባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ስትልኩ የትርጉሙን ሙሉ ግጥም፣ መስመር በመስመር ወደ ዋናው ቋንቋ የተመለሰበትን ቅጂና ማሳያ ቀረጻ አያይዙ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ሳይመጣ ስቱዲዮ አትከራዩ።